የሲኒማ ሥዕል አሻንጉሊት ሲሆን



አንድ ወዳጃችን ከመንገድ ሲመለስ ለሰባት ዓመት ልጁ አሻንጉሊት ይዞላት ገባ። አሻንጉሊቱ ልጅቱ በሥዕል ፊልም ደጋግማ ያየችው፥ ስሙንም ከወንድሞቿ ስም ጋር አስተካክላ የምትጠራው ሰው ምስል ነበረ። አባት የልጁን ደስታ ለማየት ተቀምጦ ሲጠባበቅ፥ ልጅቱ ግን አሻንጉሊቱን ፊት ለፊት አድርጋ ጥቂት ከተመለከተችው በኋላ፥ «አባባ፥ ይኼ እሱ አይደለም» አለችው።

«እንዴት አይደለም፥ ልጄ? ባርኔጣው ያው ነው፤ ጫማው ያው ነው» ቢላት፥

«እሱ ያየኛል፤ ይኼ ግን የሚያየው ግድግዳውን ነው» ብላ መለሰችለት።

ወዳጃችን ይህን ሲነግረን ይሥቅ ነበረ፤ ዳሩ ግን ገንዘቡን አውጥቶ ልጁን ደስ ሊያሰኝ ያሰበ አባት ስለ ሆነ፥ ከሣቁ በታች ቅሬታ እንዳለበት አልተሰወረብንም። እኛም ነገሩን በጥሞና ስናስበው የልጅቱ ፍርድ ትክክለኛ ሆኖ አገኘነው። የሠራተኞቹ እጅ ባርኔጣውንና ጫማውን በሚገባ ከለካ በኋላ፥ የዓይኑን ብሌን ጥቂት ቢስት ያ ጥቂት ስሕተት መላውን ሥራ ያበላሸዋል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ በሲኒማ የታየውን የሥዕል ሰው ከመልኩ ሳያጓድሉ ወደ አሻንጉሊት መለወጥ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስቸግር፥ ለቤተ ሰብ አባትና እናትም ከዚህ ምን ምክር እንደሚገኝ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የዚህ ሥራ ታሪክ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋልት ዲስኒ የተባለው አሜሪካዊ «ስቲምቦት ዊሊ» የሚባለውን አጭር የሥዕል ፊልም ኖቬምበር 18 ቀን 1928 በኒው ዮርክ ባሳየ ጊዜ፥ ሚኪ ማውስ የተባለው አይጥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሕዝብ ወዳጅ ሆነ። ከዚህ በኋላ በ1930፥ ሻርሎት ክላርክ የምትባል በመርፌዋ የምትተዳደር ሴት በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚሸጥ ነገር ለመሥራት ስታስብ፥ ቦብ ክላምፔት የሚባለው የዘመዷ ልጅ የሚኪ ማውስን አሻንጉሊት እንድትሰፋ አሳሰባት። እርሱም በኋላ ራሱ ስሙ የታወቀ የሥዕል ፊልም ሠሪ የሆነው ነው። ነገር ግን አስመስለው የሚሠሩበት ሥዕል በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሲኒማ ቤት ገባ፤ ፊልሙ እየሮጠ ሳለ፥ ሚኪ ሲዞርና ሲዘል እየተከተለ ነደፈውና ወጣ።

አክስቲቱም ሥራውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሸጥ እንዳይሆንባት ስለ ሠጋች፥ ወደ ዋልት ዲስኒ ወሰዱት። ዋልትና ወንድሙ ሮይ አሻንጉሊቱን ባዩት ጊዜ እጅግ ደስ ስላላቸው ሥራው በእነርሱ ፈቃድ ተጀመረ። ፈላጊው ከሠሪዎቹ እጅ በላይ በሆነ ጊዜም፥ በ1932 ማክኮል የሚባለው ኩባንያ የአሻንጉሊቱን ቅድ በወረቀት አትሞ ሸጠ። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች ሚኪ ማውስን በየቤታቸው ቀድደው፥ ሰፍተው፥ ጥጥ ሞልተው ለልጆቻቸው ሰጡ።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። የሚኪ ማውስ ጆሮዎች ሁለት ጥቋቍር ክቦች ናቸው። ሥዕሉን አስተውሎ የተመለከተ ሰው፥ ሚኪ ፊቱን ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ቢያዞር፥ ጆሮዎቹ ሁልጊዜ ሙሉ ክብ ሆነው እንደሚታዩ ይረዳል። ይህ በወረቀት ላይ የሚቻል ነው፤ በእውነተኛ አካል ላይ ግን አይቻልም። ጆሮውን ከጨርቅ ቈርጠው በራሱ ላይ ቢሰፉት፥ ከፊት ሲያዩት ክብ ይሆናል፤ ከጐን ሲያዩት ግን እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠነ ሆኖ ይገኛል። ሠዓሊው በእያንዳንዱ ሥዕል ጆሮውን ከቦታው እያንሸራተተ ይሥለዋል፤ አሻንጉሊት ሠሪው ግን አንድ ጊዜ ከሰፋው በኋላ ማንሸራተት አይችልም። እንግዲህ ሻርሎት ክላርክ መርፌዋን ባነሣች ጊዜ የገጠማት ጥያቄ፥ «ሚኪ ምን ይመስላል?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ከብዙዎቹ ሚኪዎች የትኛውን ልስፋ?» የሚልም ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቢሠለጥንም ይህ ጥያቄ አልተለወጠም። በእንግሊዝ አገር ከ2004 ጀምሮ የሚታየው የፔፓ ፒግ ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። ፔፓ የምትባለው አሳማ የምትታየው በጐን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ ወገን ተሥለዋል። ይህ ሕፃናቱን ቅንጣት ያህል አያሳስባቸውም። አሻንጉሊት ሠሪው ግን ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ጐን ቢያደርግ ሌላው ጐኗ ዕውር ይሆናል፤ ግራና ቀኝ ቢከፍላቸው ደግሞ ልጆቹ የሚያውቋት ፔፓ አትሆንም።

ምናልባት አንባቢ፥ «ይህ ችግር በእጅ ለተሣለ ሥዕል ይሆናል እንጂ፥ በኮምፒዩተር ሙሉ አካል ሆኖ ለተሠራው አይሆንም» ይል ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ አስበን ነበረ። ነገር ግን በ2013 የወጣውን «ፍሮዝን» የተባለውን ፊልም እንመልከት። ኤልሳ የምትባለው ንግሥት በበረዶው ተራራ ላይ ስትዘፍን፥ ሹሩባዋን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ ታመጣዋለች። ያንን ስፍራ አቁሞ በዝግታ የሚመለከት ሰው፥ ሹሩባው በክንዷ ላይ ሳይሆን በክንዷ ውስጥ አልፎ እንደሚሄድ ያያል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ይህን አያውቁም አይባልም፤ እንቅስቃሴው ለዓይን ያማረ እንዲሆን ዐውቀው ያደረጉት ነው። የኤልሳም ጠጕር ከ400,000 በሚበልጡ ዘለላዎች የተሠራ ነው። የአሻንጉሊቷ ጠጕር ግን ናይሎንን በመሰለ ክር ከራሷ ቅል ላይ በመኪና ይሰፋል። ክሩ ቢበዛ ሹሩባው ከአንገቷ ይወፍራል፤ ቢያንስ ደግሞ ቅሏ ራሰ በራ ሆኖ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል። በኮምፒዩተር የተሠራ አካል እንኳ በዓይን የሚታይ እንጂ በእጅ የሚጨበጥ አይደለምና፥ የቁስን ሕግ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የ«ቶይ ስቶሪ» ነገር ነው። የስሙ ትርጓሜ የመጫወቻ ታሪክ ማለት ነው። ይህ ፊልም ኖቬምበር 22 ቀን 1995 በአሜሪካ የወጣ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። የሠራው ፒክሳር የተባለው ድርጅት ሲሆን፥ አዘጋጁ ጆን ላሴተር ይባላል። በፊልሙ ውስጥ ዋነኞቹ ባለ ታሪኮች ዉዲ የተባለው የካውቦይ አሻንጉሊትና ባዝ ላይትይር የተባለው የሕዋ ተጓዥ አሻንጉሊት ናቸው። እንግዲህ ታሪኩ ራሱ ስለ አሻንጉሊት ከሆነ፥ አሻንጉሊታቸውን መሥራት ቀላል መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም።

ዉዲ በፊልሙ ውስጥ ይሥቃል፥ ይቈጣል፥ ይቀናል፥ ያፍራል። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ፊልም ሠሪዎቹ 723 የእንቅስቃሴ መቈጣጠሪያዎችን አበጅተውለታል፤ ከእነዚህም 212ቱ ለፊቱ፥ ከፊቱም 58ቱ ለአፉ ብቻ ነበሩ። አሻንጉሊቱ ግን አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው። ሠሪው ከሺህ ፊቶች አንዱን መምረጥ አለበት። እየሣቀ ቢያደርገው፥ ልጁ የሚያሳዝን ጨዋታ ሲጫወት አሻንጉሊቱ ይሥቅበታል፤ ፊቱን ቢያጨፈግገው ደግሞ ገዢ የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሣቅና በዝምታ መካከል ያለ ፊት ነው። ይህ ፊት በፊልሙ ውስጥ ቢፈለግ ለቅጽበት ያህል እንኳ ላይገኝ ይችላል። ብልኅ ሠራተኛ ግን፥ ልጁ ፊልሙን ካየ በኋላ በልቡ ይዞት የሚወጣው የትኛውን ፊት እንደ ሆነ መርምሮ ያንን ለማግኘት ይደክማል።

የድምፁም ነገር እንደዚሁ ነው። ዉዲ በጀርባው ያለውን ሲባጎ ሲስቡት የሚናገር አሻንጉሊት ነው፤ ይህም አሳብ ጆን ላሴተር በልጅነቱ ከነበረው፥ ሲባጎ ሲሳብ ከሚናገር አሻንጉሊት የመጣ ነው። በ1960 ዓመታት በአሜሪካ የነበሩት ተናጋሪ አሻንጉሊቶች በሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ሸክላ ነበራቸው፤ ሲባጎው ሲለቀቅ ሞላው ሸክላውን ያዞረዋል። ዛሬ ይህን የሚያደርገው ባትሪና ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ነገር ግን በፊልሙ ዉዲን ሆኖ የተናገረው ቶም ሃንክስ ሲሆን፥ በብዙዎቹ አሻንጉሊቶች ውስጥ የሚሰማው የወንድሙ የጂም ሃንክስ ድምፅ ነው። የወንድማማቾች ድምፅ ስለሚመሳሰል ልጆች ሲያዳምጡት የዉዲ ድምፅ መሆኑን አይጠራጠሩም።

አሁን ደግሞ ወደ ፋብሪካው እንግባ። የፕላስቲክ አሻንጉሊት የሚሠራው፥ ቀልጦ የተዘጋጀውን ፕላስቲክ በኀይል ወደ ብረት ቅርጽ ውስጥ በመጨመር ነው። ቅርጹ ሁለት ወገን ሆኖ ይከፈታል፤ የተሠራውም ዕቃ ሳይሰበር ይወጣ ዘንድ ጐኖቹ በጥቂቱ ያዘነበሉ መሆን አለባቸው። በፊልሙ ውስጥ ፍጹም ቀጥ ያለው ነገር በአሻንጉሊቱ ላይ ጥቂት የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው። ፕላስቲኩም ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ቅርጹ ከሚፈለገው መጠን ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ወፍራም የሆነው ስፍራ ሲቀዘቅዝ ይሰረጕዳል፤ እጅግ ቀጭን የሆነውም ሳይሞላ ይቀራል። ሁለቱ ወገን በተጋጠሙበት መሥመር ላይ ደግሞ ጠባሳ የመሰለ ምልክት ይቀራል።

የባዝ ላይትይር ክንፎች በጀርባው ውስጥ ተሸሽገው ይኖሩና፥ ቍልፉ ሲነካ ድንገት ይዘረጋሉ። በፊልሙ ውስጥ ይህ ምንም አያስቸግርም፤ ክንፉ ሲታጠፍ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ የለምና። በአሻንጉሊቱ ውስጥ ግን ክንፉ፥ ሞላው፥ ማጠፊያው፥ ባትሪው፥ ድምፅ ማጉያውና ብሎኑ ሁሉ በአንድ ትንሽ ደረት ውስጥ ቦታ ይሻማሉ። ደረቱን ቢያሰፉት ከመልኩ ይወጣል፤ ቢያጠብቡት ዕቃው አይገባም። እንደዚሁም ዉዲ ራሱ ትልቅ፥ አንገቱና እግሩ ቀጭን ነው። በሸራው ላይ እየሮጠ ይዘልላል፤ በጠረጴዛ ላይ ግን ምድር ትስበዋለችና፥ ራሱ ከብዶት በግንባሩ ይደፋል።

ቀለሙም ሌላ ፈተና ነው። በሲኒማ የምናየው ቀለም ከብርሃን የተሠራ ሲሆን፥ በጥዋት ትዕይንት አንድ ዓይነት፥ በሌሊት ትዕይንት ሌላ ዓይነት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ሰማያዊዎች የባለ ታሪኩ ልብስ እውነተኛው ሰማያዊ የትኛው ነው? ዓይንንም በተመለከተ፥ ብሌኑ የሚታተመው ቀለም በነካ ለስላሳ ማኅተም ነው። ማኅተሙ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢዛነፍ፥ አሻንጉሊቱ ያ የወዳጃችን ልጅ እንዳለችው ግድግዳ የሚያይ ይሆናል። በቁጥር ከሁሉ ያነሰው ስሕተት በልብ ላይ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ የሕፃናት ደኅንነት ሕግ አለ። ከ1980 ጀምሮ በጸናው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በተሠራ መጫወቻ ላይ፥ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ መለኪያ ጕድጓድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ክፍል መኖር የለበትም። ይህም ሕፃኑ ውጦት እንዳይታነቅ ነው። መጫወቻውም ተጥሎ፥ ተጐትቶ፥ ተጠምዝዞ ከተፈተነ በኋላ የሚሰበረው ስባሪ በዚሁ መለኪያ ይለካል። ስለዚህ የሸሪፉ ኮከብ ሹል ሆኖ አይሠራም፤ የልብሱ ቍልፍ ተለይቶ ከመሰፋት ይልቅ ይታተማል፤ ሲባጎውም በአንገት እንዳይጠመጠም ይታጠራል። ፊልሙን በትክክል የመሰለ ሹል ኮከብ ከልጅ ዓይን አይበልጥምና፥ በዚህ ሠሪውን የሚወቅስ ወላጅ ሊኖር አይገባም።

ዛሬ አንዳንድ ሰዎች፥ ምስሉን ከኮምፒዩተር በቀጥታ በፕላስቲክ የሚያትም መኪና ስለ ተገኘ ችግሩ ሁሉ እንደ ተፈታ ይናገራሉ። መኪናው ብዙ እንደሚረዳ አንክድም፤ ሙከራውንም ያፋጥናል። ነገር ግን ከብዙዎቹ ፊቶች የትኛው እንደሚታተም አይነግርም፤ በክንድ ውስጥ የሚያልፈውንም ሹሩባ በየት በኩል እንደሚያሳልፉት አያስተምርም። ይህን የሚመርጥ የሰው ዓይን ነው።

ከዚህ የተነሣ በዘመናችን ሁለት ዓይነት ሥራ ተለይቶ ወጥቷል። አንደኛው ለልጅ ጨዋታ የሚሠራው ነው። የ1995ቱን የዉዲና የባዝ አሻንጉሊቶች ያወጣው ቲንክዌይ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ነበረ፤ በዚያም የገና ሰሞን ፈላጊው እጅግ ስለ በዛ ብዙ ወላጆች ሳያገኙ ቀርተዋል። ሁለተኛው ደግሞ ፊልሙን በመጠኑም በመልኩም እንዲመስል ታስቦ፥ ትክክለኛነቱን ከሚመሰክር ወረቀት ጋር የሚሸጠው ነው፤ ይኸው ኩባንያ ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሥራ አውጥቷል። ብዙ ዐዋቂዎችም ይህን እየገዙ፥ አልመስል ያላቸውን ስፍራ በገዛ እጃቸው ቀለም እየቀቡና ልብሱን እንደገና እየሰፉ ያስተካክላሉ። ሥራቸው ትዕግሥትን የሚያስተምር ስለ ሆነ አንንቀውም።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ፊልሙ ራሱ አስቀድሞ ተናግሮታል። በ1999 በወጣው በሁለተኛው «ቶይ ስቶሪ»፥ አንድ ነጋዴ ዉዲን ሰርቆ በቶኪዮ ላለ ሙዚየም ሊሸጠው ያስባል። ለዚህም የተቀደደውን ክንዱን በባለሙያ አሰፍቶ፥ በጫማው ሥር የተጻፈውን የልጁን ስም በቀለም ያስሸፍነዋል። ዉዲ አዲስ ሆነ፤ አማረ፤ ዋጋውም ከፍ አለ። በመጨረሻው ግን ቀለሙን ፍቆ ስሙን ገለጠና ወደ ልጁ ተመለሰ። በመስታወት ውስጥ ያለው ዉዲ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ ነው፤ የልጁ ዉዲ ግን የተቀደደው፥ የተሰፋው፥ ስም የተጻፈበት ነው።

የባዝም ዕጣ ይህን የመሰለ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የባዝ አሻንጉሊት ሜይ 31 ቀን 2008 ዲስከቨሪ በተባለችው መንኰራኵር ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ወጥቶ፥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2009 ወደ ምድር ተመለሰ። በ2012ም በዋሽንግተን ለስሚዝሶኒያን የአየርና የሕዋ ሙዚየም ተሰጠ። እርሱ በእውነት ወደ ሰማይ ስለ ወጣ በክብር ቢቀመጥ ይገባዋል። በየቤታችን ያሉት ግን የተሠሩት ለእንደዚህ ያለ ክብር አይደለም።

እንግዲህ ክቡራን አባቶችና እናቶች፥ ለልጅ እንዲህ ያለውን አሻንጉሊት ስትገዙ በአራት ነገር እንድታስተውሉ እንመክራለን። መጀመሪያ፥ ዕድሜውን የሚያመለክተውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለዐዋቂ ሰብሳቢ የተሠራው ለሕፃን አይሰጥም። ሁለተኛ፥ ከልብሱና ከዕቃው በፊት ዓይኑን ተመልከቱ፤ ልጅ መጀመሪያ የሚመለከተው እርሱን ነውና። ሦስተኛ፥ መገጣጠሚያውን ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑ። አራተኛ፥ ልጁ «አይመስልም» ቢላችሁ አትቈጡት፤ አስተውሎ መመልከትን መማሩን ዕወቁለት። መልክ ታጥቦ አይጠጣም እንደሚባለው፥ ፍጹም መመሳሰል ብቻውን የጨዋታ ጓደኛ አይሆንም።

የወዳጃችንን ልጅ ነገር ጀምረን እንዳንተወው፥ መጨረሻውን እንናገር። አባት አሻንጉሊቱን ሊለውጥ አስቦ በማግስቱ ጥዋት ወደ ልጁ ክፍል ቢገባ፥ ከአልጋዋ አጠገብ ካለችው ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ጥቂት ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነበረ።

«ምነው አጣመምሽው?» ብሎ ቢጠይቃት፥

«አላጣመምኩትም፥ አባባ፤ እንዲህ ሲቀመጥ ያየኛል» አለችው።

ወዳጃችንም አሻንጉሊቱን ሳይነካው ወጣ።